የአረንጓዴው ካባ ቁራጭ

እናቴን ለአያ እንግዳው የዳርኋት እኔ ነኝ። ሽማግሌውንም፣ ቀኑንም፣ ጎረቤቱንም በጭንቅላቴ ውስጥ አሰናድቼ ጨርሼ ነበር። የጎደሉት ሙሽራውና ሙሽሪት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ነገሩን አልሰሙም።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርሁ። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ አያ እንግዳው ሁለት የስፌት መኪና ነበረው። በአንዱ እሱ ይሰፋል፤ በሌላው እናቴ ዝናሽ ትሰፋለች። እናቴ የማክሰኝት ልጅ ናት። አባቴ ለሥራ ብሎ ወደ ዛሪማ ከሄደ በኋላ እዚያው ሌላ ትዳር ስለያዘ፣ እኔን ይዛ ጎንደር ገብታ በእጇ ሙያ ታሳድገኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦታዬ ከመኪናዋ ሥር፣ ከእግሯ አጠገብ ነው። ከዚያ ሆኜ የማየው የሰው ጫማና የጨርቅ ጫፍ ብቻ ነው። የትልልቅ ሰዎችን ወሬ ግማሹን እሰማና ሌላውን ግማሽ ራሴ እሞላዋለሁ። በዚህ ሙያ የሚስተካከለኝ አልነበረም።

አያ እንግዳው ጠጉሩ የነጣ፣ ቁጡ፣ ሚስቱ ከሞተች ቆየት ያለ ሰው ነበር። እንደ ሰው የኪስ ቦርሳ የለውም፤ መታወቂያውንም ምኑንም በመሐረብ ጫፍ ቋጥሮ ነው የሚይዘው። ይህን ልብ ብዬ ይዤዋለሁ። በረንዳው ላይ ደግሞ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው፤ ቁራጭ የባለቤቱ ነው። ሰው ጨርቁን ይዞ መጥቶ ያሰፋል፤ ልብሱን ሲወስድ የተረፈችው ቁራጭ መዳፍ የማትሞላ ብትሆን እንኳ አብራ ተጠቅልላ ትመለስለታለች። ልብስ ሰፊ ሁሉ ጨርቅ ይሰርቃል እየተባለ በሚታማበት ገበያ፣ የአያ እንግዳው ስም የቆመው በዚህች ቁራጭ ላይ ነበር። የእናቴም እንጀራ እንዲሁ።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል ወይዘሮ ባንቺአየሁ ለልጃቸው ለእፀገነት የሠርግ ካባ የሚሆን አረንጓዴ ከፋይ ይዘው መጡ። ከፋይ በአንድ በኩል ሲደባብሱት የሚያበራ፣ በሌላ በኩል ሲደባብሱት የሚጠቁር ጠጉራም ጨርቅ ነው። ጉንጬን ላሳርፍበት ስል አያ እንግዳው «ነይ ወዲያ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሥራውን ግን ለእናቴ ሰጣት። ለከፋይ የእሷ እጅ ከእሱ እጅ እንደሚሻል ያውቃል፤ በአፉ አይናገረውም እንጂ።

ካባው አልቆ ለባለቤቶቹ በተሰጠ ማግስት እናቴ ከቤታችን ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ሳትሸሽ፣ ዱካ በምንላት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከመቀነቷ ውስጥ የዚያን አረንጓዴ ከፋይ ቁራጭ አወጣች። እኔ ክው አልሁ። ቁራጭ የባለቤቱ ነው!

«ከፋይ ይሸሻል» አለችኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥመሽ ስትሰፊው አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታል። መጀመሪያ እንዲህ በረጅም በረጅሙ ወጋ ወጋ አድርገሽ ትይዥዋለሽ።»

ገበሩን ከአሮጌ ሸሚዝ ቀደደችለት። ዙሪያውን በደቃቅ ስፌት ስትዞረው፣ አንድ ጣት የምታስገባ አፍ ብቻ አስቀርታ፣ በዚያች አፍ ጎትታ ገለበጠችው። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲወጣ የጨርቅ ቡቱቶ መሆኑ ቀርቶ ድንገት ቦርሳ ሆነ። ማዕዘኖቹን በመቀስ ጫፍ ቀስ እያለች ገፋቻቸው፤ እንዳይበሱ ትንፋሿን ይዛ ነበር። ከውስጡ ለመታወቂያ የሚሆን ትንሽ ኪስ አወጣችለት። ጠጉሩ ወደ ታች እንዲተኛ አድርጋ አጠፈችውና ጣቴን ይዛ አስዳሰሰችኝ። ሸጋ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ያየሁ አልመሰለኝም።

«እማ፣ ለኔ ነው?»

«ላንቺ አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለአንድ ሙሽራ።» ሳቅ አለች። «በማርያም ምየበታለሁና እንዳትናገሪ። ትንፍሽ እንዳትይ!»

ሌላ ልጅ ቢሆን የሙሽሪትን ካባ አስታውሶ ነገሩን ያገናኘው ነበር። እኔ ግን የእፀገነትን ሙሽራ አላውቀውም። የማውቀው ወንድ አያ እንግዳውን ነው፤ ሚስት የለውም፣ ቦርሳ የለውም፣ ቁራጩ የወጣውም ከእሱ በረንዳ ነው። ስለዚህ እናቴ ሌባ አይደለችም፤ እናቴ ልታገባ ነው። አንድ ጭንቀት ለቀቀኝና በቦታው ሌላ ተተካ። ያ ቁጡ ሽማግሌ ቤታችን ሊገባ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ባለችው ቅዳሜ ነው ነገሩ የፈነዳው። እንደ ልማዴ ከመኪናው ሥር ነበርሁ። መጀመሪያ የወይዘሮ ባንቺአየሁን ጫማ አየሁ፤ ቀጥሎ ድምፃቸው መጣ።

«እንግዳው! ቁራጬ የታል?»

አያ እንግዳው መኪናውን አቆመ። «ምነው፣ ከጥቅሉ የለም?»

«ቢኖርማ ምን አመጣኝ? ዛሬ ለካባው ዘርፍ ላስይዝ ብዬ ጥቅሉን ብፈታው ባዶ! እኔ ጨርቄን አውቀዋለሁ፤ መትረፍ ነበረበት።»

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ከበረንዳው በታች በርበሬ የሚመዝኑት ሴቶች ሳይቀሩ ሚዛኑን ትተው ዞሩ።

«ዝናሽ» አለ አያ እንግዳው፣ «ቁራጩን አምጪ።»

«ከባለቤቱ እጅ ደርሷል።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ!» አሉ ወይዘሮ ባንቺአየሁ። «እኔ እጅ የደረሰ ነገር የለም!»

«ጊዜው ሲደርስ ያዩታል። እኔ ከዚህ በላይ የምናገረው የለኝም።»

ይሄኔ ነገሩ ሁሉ ገባኝ፤ ገባኝ ብዬ አሰብሁ ማለት ነው። አያ እንግዳው ቦርሳው ለእሱ መሆኑን ስለማያውቅ ነው የሚቆጣው። አንዲት ቃል ብትነገረው ያልቃል። ከመኪናው ሥር ብድግ ብዬ «አያ እንግዳው፣ ቦር...» ከማለቴ የእናቴ እጅ አፌ ላይ አረፈ። መዳፏ የመኪና ዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ይሸት ነበር።

«ከዚህ በረንዳ ቁራጭ ጠፍቶ አያውቅም» አለ አያ እንግዳው። ሁልጊዜ የሚጮኸው ሰው ያን ቀን አልጮኸም። «ካላመጣሽው ከመኪናው ተነሽ።»

እናቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። የጀመረችውን እጅጌ አጥፋ አስቀመጠች። መቀሷን ከዘንቢሏ ከተተችና እኔን በእጄ ይዛ ወረደች። ከኋላችን አንዲት ሴት «ሌባ» ስትል ሰማኋት። እናቴም ሰምታለች፤ እጄን አጥብቃ ስለያዘችው አወቅሁ።

እፀገነት ዛሬ ደንበኛዬ ናት። የራሴ የስፌት ቤት አለኝ፤ እሷ ለሴቶች ልጆቿ ልብስ ልታሰፋ ስትመጣ እየተሳሳቅን የዚያን ጊዜውን እናነሣለን። ካባውን ልትለካ ብቻዋን የመጣች ቀን ነው አሉ እናቴን ይዛ የለመነቻት። ለሙሽራዋ ከራሷ ካባ ጨርቅ የተሰፋ ቦርሳ በእጇ ልትሰጠው ፈለገች። እናቷ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ቢሰሙ ጉድ ይፈላ ነበር፤ በእሳቸው ቤት ወንድ ጥሎሽ ያመጣል እንጂ ሴት ልጅ ለወንድ ስጦታ አታቀርብም። ስለዚህ እናቴን በማርያም አስማለቻት። በረንዳ ላይ የተደረገውን እፀገነት የሰማችው ከሠርጓ በኋላ ነው፤ ያኔ ሙሽሪት ተብላ ቤት ተቀምጣ ነበር፣ ወሬ የሚያደርስላት አልነበረም። «አውቄ ቢሆን እኔው ራሴ ሮጬ እመጣ ነበር» ትለኛለች። አምናታለሁ። እናቴ ግን አንዲት ቃል ተናግራ መዳን ስትችል አልተናገረችም፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፣ ባወቅሁ ጊዜም በኩራት አለቀስሁ።

ያን ሰሞን ግን የማውቀው ሌላ ነው። እናቴ ቤት ተቀምጣ በእጇ ትሰፋለች፤ የሚሰፋ የሚያመጣላት ሰው ግን ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሄደ። ጨርቋን አምጥታ የነበረች አንዲት ሴት ሳይጀመርላት መልሳ ወሰደችው። ከምሳ በኋላ እናቴ ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ ማየት አልወድም ነበር።

«እማ፣ ቦርሳውን ለምን አትሰጪውም?» አልኋት።

«እጁ ይገባል፤ አይዞሽ።»

«አያ እንግዳውስ?»

«ይመጣል» አለች፣ መርፌዋን ወደ ብርሃኑ ዘርግታ ክር እያስገባች። «ራሱ በእግሩ ይመጣል፤ ታያለሽ።»

እንዲህ እርግጠኛ የምትሆን ሴት ፍቅር ቢይዛት ነው ብዬ ደመደምሁ። በጥምቀት ወደ ቀሐ ወንዝ ወርደን ከሕዝቡ መሐል አያ እንግዳውን አየነው። እሱ እናቴን ሲያይ ፊቱን አዞረ። እናቴ ደግሞ አንገቷን ቀና አድርጋ በአጠገቡ አለፈች። ሙሽራው አፍሮ ነው አልሁ በልቤ፤ ትንሽም አዘንሁለት። እንዲያውም ቤታችን ሲገባ የት እንደሚተኛ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

እፀገነት ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ተዳረች። መልሱ ላይ አዝማሪው ሲያወድሰው ክንዴ የሚባለው ሙሽራዋ ሊሸልም ተነሣና ከኮቱ ኪስ ቦርሳውን አወጣ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ጨርቃቸውን ያውቁታል፤ እጃቸው ላይ የያዙት ጉርሻ መንገድ ላይ ቀረ አሉ። ልጃቸውን ወደ ጓዳ ጠርተው ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። በነጋታው ወይዘሮ ባንቺአየሁ ነገሩን ለአያ እንግዳው ሊነግሩት ራሳቸው ወደ በረንዳው ሄዱ። ይህም ሁሉ ለኔ አልደረሰኝም።

ለኔ የደረሱኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው። አንድ ከሰዓት ላይ የሱቁ ባለቤት አያ ፋንታሁን፣ መሪጌታ አስናቀውና አንድ ሌላ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጃችን ላይ ቆሙ። እናቴ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ስትል ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። ቆመው ቀሩ።

«የመጣንበትን ሳትሰሚን፣ እሺ ሳትይን አንቀመጥም» አለ አያ ፋንታሁን።

እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። ይህን አውቀዋለሁ! ማክሰኝት የእናቴ አክስት ልጅ ለትዳር ስትጠየቅ እንዲሁ ነበር፤ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ተቀመጡ ሲባሉ እንቢ ይላሉ፣ እሺ ሲባሉ ይቀመጣሉ። የሌላው አገር ልጅ ምን እንደሚያስብ አላውቅም፤ እኛ ጋ ግን ቤት ገብቶ የማይቀመጥ ሽማግሌ ያየች ልጅ ልብስ መምረጥ ነው የምትጀምረው። ለተጣላም ሽማግሌ እንዲሁ ቆሞ እንደሚለምን ገና አላየሁም ነበር።

«የመጣነው ስለ እንግዳው ነው» አሉ መሪጌታ። «በድሎሻል፤ በደሉንም አውቆታል። እህል አልበላ ብሎታል።»

መበደሉን ሰምቻለሁ። ግን ሙሽራ በሽማግሌ አፍ ራሱን ዝቅ ማድረጉ ወግ ነው ብዬ አለፍሁት። እህል አልበላ ማለቱ ደግሞ ፍቅር ነው።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«መሪጌታ፣ እርስዎን አከብራለሁ። አያ ፋንታሁን፣ አንተንም። ግን ሌባ የተባልሁት ቅዳሜ ገበያ መሐል ነው። እዚህ ቤቴ ውስጥ ይቅር ብል እናንተ ሦስታችሁ ትሰማላችሁ፤ በርበሬ የምትሸጠዋ አትሰማም። እሺ የምለው በዚያው በረንዳ፣ በቅዳሜው ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ ከሆነ ነው።»

«ከባድ ነው ልጄ» አለ አያ ፋንታሁን። «እንግዳው እኮ የሸመገለ ሰው ነው።»

«እኔም ልጅ የማሳድግ ሰው ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ሦስቱም ተቀመጡ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ በደስታ ይሁን በድንጋጤ እንጃ፣ መጋረጃውን ጨበጥሁ። ተቀመጡ! ቀኑም ተቆረጠ፤ ቅዳሜ፣ በረንዳው ላይ፣ ገበያው ሁሉ እያየ!

ትንፍሽ አትበይ የተባልሁት ስለ ቦርሳው ነው፤ ስለ ሠርጉ የተባለ ነገር የለም። በነጋታው ለጎረቤታችን ለወለተሩፋኤል ቧንቧ ውኃ ላይ ነገርኋት። ወለተሩፋኤል ቅር አላት። «ለእኔ ሳትነግረኝ?» አለች። ግን ወለተሩፋኤል ተቀይማ ሠርግ የምትቀር ሴት አይደለችም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በረንዳው ፊት ስንደርስ ገበያው ከወትሮው ይልቅ ጢም ብሏል። ወለተሩፋኤል ጥበቧን ለብሳ፣ ጠጉሯን ተሠርታ፣ ሁለት ጎረቤት አስከትላ ቆማለች። እናቴን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ምነው በሥራ ልብስሽ?» አለቻት። እናቴ ነገሩ ስላልገባት «ለሥራ ነው የመጣሁት» ብላ አለፈች።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ መንገድ አስለቀቁና አያ እንግዳው ከሱቁ ወጣ። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ነው፤ በሁለት እጁ ይዞት፣ አጎንብሶ፣ መሬት መሬት እያየ መጣ። ሙሽራ ድንጋይ እንደሚሸከም አላውቅም ነበር። ወለተሩፋኤልን ቀና ብዬ ባያት እሷም የምታውቅ አትመስልም።

«እናንተ የገበያው ሰዎች» አለ አያ እንግዳው። ድምፁ ከድንጋዩ ሥር ታፍኖ ነው የሚወጣው። «ይችን ልጅ ሌባ ያስባልኋት እኔ ነኝ። ቁራጩ ከባለቤቱ እጅ ደርሶ ነበር። እሷ የሰው አደራ ጠበቀች፤ እኔ ስሜን ብቻ ጠበቅሁ። ዝናሽ፣ በድዬሻለሁ። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ።»

ያኔ ነው ሠርግ አለመሆኑ የገባኝ። እናቴ ሌባ ተብላ እንደነበር፣ ያን ሰሞን ሁሉ ያንን ቃል ይዛ ስትውል እንደነበር፣ አሁን በአንድ ጊዜ ገባኝ። እናቴ ወደ አያ እንግዳው ሄደች። ትንሽ ቆማ አየችው። ሰዉ ሁሉ እስኪያይ ነው የጠበቀችው፣ አሁን ሳስበው። ከዚያ በገዛ እጇ ድንጋዩን ከማጅራቱ አንሥታ ወደ ጎን ጣለችው።

«ይቅር ይበለን አያ እንግዳው። ቀና በል።»

ወለተሩፋኤል ምን እንደተደረገ ሳይገባት አልቀረም፤ እልልታውን ግን አቀለጠችው። ለእልልታ የተዘጋጀች ሴት ይዛው አትመለስም። ሌሎቹ ሴቶችም ተቀበሏት።

እልልታው ሳይበርድ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ከሕዝቡ መሐል ወጡ። ለቅልቅል የሚለብሱትን አዲስ ጨርቅ ታቅፈዋል። በቅዳሜ ገበያ ጨርቁን ለሰፊ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ በራሱ ክንድ ለክቶ፣ ምን ያህል እንደሰጠ ሰው እየሰማ ተናግሮ ነው። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ግን ጨርቁን እንደተጠቀለለ ለእናቴ ዘረጉላት።

«እንኪ ልጄ። ያለ ልክ ነው የምሰጥሽ። ሁሉም ይየኝ፤ አምኜሻለሁ።»

ሰዉ አጉረመረመ፤ ትልቅ ነገር ነው ያደረጉት። ከዚህ በላይ ክብር በዚያ ገበያ የለም። እናቴ እጇን አልዘረጋችም።

«ይለኩት ወይዘሮ ባንቺአየሁ» አለች፣ በርበሬ ሻጮቹ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «እኔን ከሐሜት የሚጠብቀኝ ክንድዎ ነው። እምነትዎንማ ባለፈው አየሁት።»

የወይዘሮ ባንቺአየሁ ፊት ቀላ። ትተውን የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ክንዳቸውን ከነጠላቸው አወጡና ጨርቁን ፈቱት፤ አያ እንግዳው ራሱ ጫፉን ያዘላቸው። ጮክ ብለው እየቆጠሩ ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ለኩ፤ እናቴም ከእሳቸው እኩል ትቆጥራለች። ሲጨርሱ እናቴ ልኩን ደግማ ተናገረች፣ ጨርቁን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ በረንዳው ላይ ወጥታ ከመኪናዋ ፊት ተቀመጠች።

እኔም ተከትያት ቦታዬ ገባሁ። ወለተሩፋኤል ግን ገና አልለቀቀችንም። በረንዳው ጫፍ ላይ አጎንብሳ «ኧረ ዝናሽ፣ ሠርጉስ?» አለቻት።

እናቴ ወለተሩፋኤልን አየች፤ ከዚያ ከመኪናው ሥር አጎንብሳ እኔን አየችኝ። አሁን ነገሩ ገባት። የምትቆጣ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ሠርጌ ይኸው» አለች እናቴ፣ እግሯንም ፔዳሉ ላይ አሳረፈች።